ለወገብ የሚሆን መቀመጫ

ሦስት ዓመት ሙሉ የቤታችንን ደወል የተጫነ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሮ ያይ ነበር። መኪና የመጣበት ይመስለው ነበርና። ደወላችን ክላክስ ነበር፤ ከአንዲት ባለ ሁለት በር መኪና የተፈታ፣ ድምፁ ጉንፋን እንደያዘው ሰው በትንሹ የታፈነ ክላክስ። እንግዳው ደንግጦ ወደ ግድግዳው ሲጠጋ ከወጥ ቤት የባለቤቴ ድምፅ ይከተላል፤ «መጣሁ!»

ከገቡ በኋላም ነገሩ አያበቃም። ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣና ቦርሳ የሚንጠለጠለው በመኪና መሪ ላይ ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ የምላጭበት መስታወት ስፖኪዮ ነው። የወጥ ቤቱ ሰዓት ከዳሽቦርድ የወጣ ነው፤ በቀን አራት ደቂቃ ይቀድማል፣ ባለቤቴ በየቀኑ አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ትመልሰዋለች። የማነብበት መብራት የፊት መብራት ነው። ሳሎኑ መስኮት አጠገብ ደግሞ አናጢ አራት የእንጨት እግር ያበጀለት፣ ጠቆር ያለ ቀይ ቆዳ የለበሰ የመኪና መቀመጫ አለ። እሱ ላይ አማቴ ይቀመጣሉ።

እነዚህ ሁሉ ተደምረው የአንድ መኪና ዕቃ እንደሆኑ የምናውቀው እኔና ብሎን ብቻ ነበርን።

ብሎን መካኒክ ነው። አጭር፣ ወፍራም፣ አናቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ስሙን ማን ለምን እንዳወጣለት የጠየቀ የለም። ጋራዡ ከሰፈራችን እንጨት መሸጫ ጀርባ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት መኪና የሚወዱ ሰዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ የሚጠገን መኪና ያለውም የሌለውም። ብሎን ስለነሱ ሲኖር ሲኖር የደረሰበት እምነት አለው።

«መኪና ወዳድ መኪና ገዝቶ አያውቅም» ይላል። «የሚገዛው ምክንያት ነው። መኪናው ምርቃት ነው።»

እውነቱን ነው። ጥርስ ሐኪሙ ሦስተኛ መኪናውን የገዛው ሁለቱ እየተፈራረቁ እንዲያርፉ ብሎ ነው። የጂኦግራፊ መምህሩ ጣራው የሚከፈተውን የገዛው የሚስቴ አጥንት ፀሐይ ይፈልጋል ብሎ ሲሆን፣ ሚስቱ ያን ክረምት መኪናው ውስጥ ዣንጥላ ዘርግታ ከርማለች። አንዱ ደግሞ ልጄ አስም አለበት፣ አቧራ የማያስገባ ትልቅ መኪና ያስፈልገኛል ብሎ ገዛ፤ ልጁ ገና አልተወለደም ነበር። ገንዘቡስ ከየትም ይመጣል። ይበደራሉ፣ የወረሱትን ይሸጣሉ፣ ምሳ ይተዋሉ። የሚቸግረው ቤት ይዘውት የሚገቡት ቃል ነው።

እኔ ሌንስ ሞራጅ ነኝ። መነጽር ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጬ ሌንሱን በፍሬሙ ልክ እሞርዳለሁ። የሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ከተረፈ አይገባም፤ ያን ያህል ከጎደለ ይወድቃል። በዚህ ሥራ መኪና ሙሉውን በአንድ ጊዜ የገዛ ሰው አላየሁም። ተራ በተራ ግን ይቻላል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ለሌላ ሱቅ እሞርድ ነበር። የፊት መብራቱን የገዛሁት በአሥራ አንድ ጥንድ መነጽር ነው፤ መሪውን በሃያ ሁለት።

የምፈልጋት መኪና ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን አዋላጅ ትነዳት የነበረች ዓይነት ናት። ፋብሪካዋ ከተዘጋ ቆይቷል። ጀርባዋ ክብ ነው። የአዋላጇ መኪና ጣራ በጣም በትንሹ ወደ ግራ ያዘነበለ ስለነበር ዝናብ ሲዘንብ ውሃው በአንድ ጎን ብቻ ይወርድ ነበር። አዋላጇ በዚያች መኪና ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም፤ ግን መኪናዋ ከሰፈር ስትወጣ የሆነ ቦታ ሰው ሊወለድ እንደሆነ አውቅ ነበር።

ምክንያቱን የምንለማመደው ጋራዡ ውስጥ ነው። ብሎን የተገለበጠ የባትሪ ሣጥን ላይ ቁጭ ይልና የዘይት ጨርቁን አናቱ ላይ ጣል አድርጎ ባለቤቴን ይሆናል።

«ስፖኪዮ ለምን አስፈለገ?» ይላል ድምፁን አቅጥኖ።

«የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ደብዝዟል።»

«ታዲያ መስታወት አይገዛም?»

«ይኼኛው ይዞራል። ጆሮዬ ሥር ያለውን ፂም ያሳየኛል።»

«እሱስ ደህና ነው። እኔ ብሆን አሳልፍሃለሁ። እሺ፣ ሰዓቱን በል።»

መቀመጫው ግን ልምምድ አላስፈለገውም። አማቴ ወገባቸው አልታዘዝ ብሏቸው እኛ ዘንድ የገቡ ሰሞን ብሎን የተሳፋሪውን መቀመጫ አገኘ፤ ስፌቱ እንኳ ያልተነካ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ «ለወገብ የሚሆን መቀመጫ ነው፤ መነጽር የሠራሁለት አንድ የአጥንት ሐኪም ነው የመከረኝ» አልኩ። አማቴ ተቀመጡ። በጎን ያለውን ማንሻ ሳቡ፣ ጀርባው ትንሽ ዘመም አለ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ይኼ ወንበር ሰው ያውቃል» አሉ ከቆይታ በኋላ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ ወንበር ላይ ሲቀመጡ አላየኋቸውም።

ባለፈው ዓመት ብሎን መኪናዋን ራሷን አገኛት። ሞተሯ አለ፣ የኋላ መቀመጫዋና የሹፌሩም አለ፤ ሌላው ውስጧ ተራቁቷል። እሷን ቤት የሚያስገባ ምክንያት አላገኘንም፤ ከመላጫ መስታወት ትተልቃለች። ስለዚህ ለማንም ሳልናገር ገዛኋት። ቅዳሜ ቅዳሜ ዝገቷን እየፋቅን፣ ስቱኮ እየቀባን ወራት አሳለፍን። ቤት ያሉትን ዕቃዎች መቼ እንደማወጣ ሲጠይቀኝ፣ «ይደርሳል» እለዋለሁ።

ከዚያ የጋራዡ ግቢ ተሸጠ።

«ሰኞ ሳይሆን የሚቀጥለው ሰኞ ጭነት መኪና ይመጣል» አለኝ ብሎን። «የቆመ ብረት ሁሉ ተጭኖ ወደ ማቅለጫ ነው የሚሄደው። በራሱ ጎማ የወጣ ብቻ ይተርፋል። አንተ ግቢ የለህ፤ ታርጋ የሌላት መኪና መንገድ ላይ አትቆም። ከዚያ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት የምርመራ ቀጠሮ ይዤልሃለሁ። ካለፈች መኪና ናት። ከወደቀች ድስት ትሆናለች።»

ያን ዕለት አንድ ነገር ገባኝ። ዕቃዎቹን በሙሉ በምክንያት ሳስገባ፣ የማውጫ ምክንያት አንድም አላዘጋጀሁም ነበር።

በማግስቱ፣ ማክሰኞ፣ ስፖኪዮውን ፈታሁ። «ሊጸዳ ነው» አልኩ። ረቡዕ ሰዓቱን፤ «መቅደሙን ላስተካክለው።» ሐሙስ ክላክሱን ፈትቼ በቦታው ትንሽ ደወል አሰርኩ፤ «ጎረቤት ይረበሻል።»

«ሦስት ዓመት ያልተረበሸ ጎረቤት?» አለች ባለቤቴ። መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ ሰው ሲናገር ከንፈሩን ሳይሆን እጁ የያዘውን ወረቀት ማየት ለምዳለች። የእኔ እጅ የያዘው ግን መፍቻ ነበር።

ዓርብ መሪውንና የማንበቢያ መብራቱን አወጣሁ፤ «ሊወለወሉ ነው።» የቀረው መቀመጫው ነው።

«ሊብሬው ላይ አራት ሰው ይላል» አለ ብሎን። «አራት መቀመጫ ካላዩ አያሳልፉም። ጎማ ብታጣ ጎማ አመጣልሃለሁ፤ ካንዴላ ብትለኝ ከመሬት ቆፍሬ አወጣለሁ። የዚች መቀመጫ ግን በከተማው ያለው አንድ ብቻ ነው። እሱም አማትህ ሥር ነው።»

ለቀለም ያስቀመጥኩትን ገንዘብ ይዤ ወንበር ቤት ሄድኩ። ከነበረው ሁሉ ውድ የሆነውን፣ እጀታው ሰፊ፣ ትራሱ ለስላሳ፣ ቡናማውን መረጥኩ። መኪናዋ በስቱኮ ግራጫዋ ትቅር አልኩ። የሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ አማቴ እህታቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ አዲሱን አስገብቼ አሮጌውን አስወጣሁ። ከሰዓት በኋላ ብሎንና እኔ አራቱን ብሎኖች አጥብቀን መኪናዋ ውስጥ አሰርነው። በቦታው ሲገባ ጠብ የሚል ትርፍ አልነበረውም። እንደ ሌንስ ገባ። ቆሜ አየሁት፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ማታ አማቴ አዲሱ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«የድሮው አርጅቶ ነበር፤ ለእርስዎ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«ደግ ነው ልጄ፤ ተመስገን፤ ያማረ ወንበር ነው» አሉ።

ይኼ አስፈራኝ። አማቴ የሚወዱትን ነገር ሲያገኙ እንከን ያወጡለታል እንጂ አያመሰግኑም። ሐሙስ ሲቀመጡ ጎናቸውን ይዘው ነበር። ዓርብ ጠዋት ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

ባለቤቴ ከሥራ ቀርታ ማስታገሻ ሰጠቻቸውና እኔ ወዳለሁበት ወደ ወጥ ቤት መጣች። ስልኳን ይዛለች።

«የሐኪሙን ቁጥር ስጠኝ» አለች።

«የየትኛውን?»

«ያን የመጀመሪያውን ወንበር የመከረውን። እሱ ወንበር እንደተነሣ ነው የታመመችው። ደውዬ ልጠይቀው።»

ሰዓቱ የነበረበትን ባዶ ግድግዳ አየሁ። ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብቻ ነበር።

«ሐኪም የለም» አልኩ።

«እንዴት የለም? ሞተ?»

«አልተወለደም።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከመኝታ ክፍሉ የአማቴ ድምፅ መጣ።

«ወደዚህ መጥታችሁ ተነጋገሩ። የታመመው ወገቤ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም!»

አልጋቸው ግርጌ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። አዋላጇን፣ የባትሪ ሣጥኑን፣ ግቢውን፣ ሰኞን። ባለቤቴ እየሰማች ጣቷን ታጥፋለች።

«ሰዓቱም?»

«አዎ።»

«መብራቱም? የባርኔጣው መስቀያም?»

«እሱ መሪው ነው።»

«ሦስት ዓመት መኪና ውስጥ ነው የኖርኩት በለኛ!» ድምፅዋ ተሰበረ። «ጎረቤቱ በደወላችን ሲስቅ እኔ 'ባሌ ቁጠባ ያውቃል፤ የወደቀ ዕቃ አይጥልም' እያልኩ አፌን ሞልቼ ስመልስ! መኪና ቢያምርህ አማረኝ አትልም? ማን ሊበላህ ነው?»

ብሎን ከጨርቁ ሥር ይህን ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። አማቴ ትራሱ ላይ ቀስ ብለው ሊዞሩ ሲሞክሩና ሲያቅታቸው አየሁ፤ አንጀቴን በሉት።

«አሁን ሄጄ ፈትቼ አመጣዋለሁ» አልኩ። «መኪናዋ ትቅር።»

የምሬን ነበር። መፍቻውን ከኪሴ አውጥቼ በር ላይ ደርሻለሁ።

«ቆይ» አሉ አማቴ። «ና ወዲህ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ሲባል አልሰማህም? ያንተ ስንቅ ዛሬ አልቋል፤ ስለዚህ እውነቱን ንገረኝ። የተቀመጥኩበት የትኛው ነው? የሹፌሩ ነው የተሳፋሪው?»

«የተሳፋሪው ነው፣ እማማ።»

«ጎሽ። የሹፌሩ ቢሆን ነበር የሚቆጨኝ። ሦስት ዓመት መሪ ፊት ተቀምጦ አንድ ቦታ አለመሄድ!» ሳቅ ብለው ወገባቸውን ያዙ። «ወንበሩ ወደ እኔ ከሚመጣ እኔ ወደ ወንበሩ ብሄድስ? ነገ አይደል ቀጠሮው?»

«እማዬ፣ ከአልጋ መነሣት ያልቻልሽ ሴት!» አለች ባለቤቴ።

«ለዚያ ቡናማ ትራስ አልነሣም። ለወንበሬ እነሣለሁ።»

ባለቤቴ አየችኝ። «ምርመራው እንዳለቀ ወንበሩ ተፈትቶ ቤት ይገባል» አለች። «መኪናህ ጥርሱ እንደወለቀ ሰው ትሁን።»

«ትሁን» አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ጋራዥ የደረስነው በታክሲ ነው። ብሎን አማቴን ሲያይ ጨርቁን ከአናቱ ላይ አንሥቶ ከጀርባው ደበቀ። እኔና እሱ ግራና ቀኝ ደግፈን አስገባናቸው። ማንሻውን በልማድ ፈልገው አገኙት፣ ጀርባውን አዘመሙ፣ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። ባለቤቴ በእኔ በኩል ገብታ ከኋላ ተቀመጠች፤ እጆቿን አጣምራ፣ ከንፈሯን ገጥማ።

ቀስ ብዬ እየነዳሁ ምርመራ ጣቢያው ደረስን። መርማሪው በብብቱ ሰሌዳ የያዘ ወጣት ነው። ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ።

«ለምርመራ ባዶ መሆን አለበት። እናቴ፣ ይውረዱ።»

«እወርዳለሁ ልጄ። የምታነሣኝ ግን አንተ ነህ፤ እነሱ ደክመዋል።»

አሰበበት። «ይቀመጡ እሺ።»

ጎማ አየ፣ ፍሬን አየ፣ የፊት መብራቱን አብራልኝ አጥፋልኝ አለ። የማንበቢያዬ መብራት በቀን ብርሃን ግድግዳው ላይ ሁለት የደከመ ክብ ከሚሠሩት አንዱ ሆነ። መቀመጫ ቆጠረ፤ አራት። ስፖኪዮውን አዞረው፤ ዳርቻው ላይ የደረቀ የመላጫ ሳሙና ነበረበት፤ በጣቱ ፋቅ አድርጎ አየኝ፣ ምንም አላለም።

«ክላክስ» አለ።

ተጫንኩት። ያ የታፈነ ድምፅ ወጣ።

«መጣሁ!» አለች ባለቤቴ ከኋላ።

ከዚያ አማቴ ሆዳቸውን ይዘው መንፈቅፈቅ ጀመሩ፤ «ኧረ ወገቤን! ኧረ በወገቤ!» እያሉ። ባለቤቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በመስታወቱ አየሁ፤ እያለቀሰች መስሎኝ ዞርኩ። እየሳቀች ነው። በቡጢ ትከሻዬን መታችኝ፤ አንዴ፣ ደግማ ሁለተኛ፤ ሁለተኛው ቀለል ያለ ነበር።

መርማሪው ሰሌዳው ላይ ጎንበስ ብሏል። «እንዲህ ያለ አሮጌ መኪና ለምን አገልግሎት ነው የሚፈልጉት?»

አፌን ከፈትኩ። የሦስት ዓመት ምክንያት የተለማመደ አፍ ነው። አንድም አልመጣም።

«ስለምወዳት ነው» አልኩ።

«እንዲህ የሚል ቦታ ፎርሙ ላይ የለም።»

«ለወገቤ ነው ልጄ!» አሉ አማቴ። «ለወገብ የሚሆን መኪና ነው። ሐኪም ያዘዘው። እንዲያው ጻፍ።»

«የግል» ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታ።

እሑድ ጠዋት ቃሌን ላከብር መፍቻዬን ይዤ ወረድኩ። መኪናዋ መስኮታችን ሥር ቆማለች። አማቴ ከእኔ ቀድመው በባለቤቴ ተደግፈው ወርደው ገብተዋል፤ በሩ ክፍት ነው፣ እግራቸው አስፋልቱ ላይ ነው።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ወንበርዎን ላወጣ።»

«ተው። እዚያ ላይ ሆኜ የማየው የእንጨት መሸጫውን ግድግዳ ነበር። እዚህ ሰው ያልፋል።»

ባለቤቴን አየሁ። «እኔን አትየኝ» አለች። «ተሳፋሪዋን ጠይቅ።»

ይኼው መንፈቅ ሆነ። መኪናዋ አሁንም ስቱኮ ግራጫ ናት፤ የቀለሟ ገንዘብ ሳሎን ውስጥ ቡናማ ወንበር ሆኖ ባለቤቴ ተቀምጣበት ታነባለች፤ ለማንበቢያም በራሷ ገንዘብ የመኪና ሳይሆን የሰው መብራት ገዝታለች። ወጥ ቤት አዲስ ሰዓት አለ፤ ደቂቃ አያዛንፍም፤ ባለቤቴ በየቀኑ የምታስተካክለው ነገር አጥታ የመኪናዋን ሰዓት ልትመልስ ትወርዳለች። እኔ መታጠቢያ ቤት መስታወት እስክናስገባ ድረስ ጠዋት ጠዋት መንገድ ላይ ቆሜ በስፖኪዮው እላጫለሁ። ለዘለቄታው ነው ብለው የሚፈሩ ጎረቤቶች አሉ።

አማቴ ከሰዓት በኋላቸውን የሚያሳልፉት መኪናዋ ውስጥ ነው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሲጠይቃቸው ስለ ሐኪሙ ይነግሩታል። ሐኪሙ አሁን ሽበት አለው፤ ሁለት ሴት ልጆች አሉት፤ አንዷ በትምህርቷ ጎበዝ ናት። ብሎን አዲሱ ጋራዡ ድረስ ወሬው ደርሶት መጣና እግሩን አጣጥፎ አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሎ አዳመጣቸው።

«አንተ» አለኝ ሲነሣ፤ «እኛ እኮ ገና ጀማሪዎች ነን። ጥርስ ሐኪሙን ልላክላቸው፤ አራተኛ አምሮታል።»

ባለፈው እሑድ ብቻዬን ልነዳ አማረኝ። ብቻዬን ነድቻት አላውቅም። ስወርድ አማቴ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ በሩ ተዘግቷል፣ ጀርባው ዘመም ብሏል፣ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልቀሰቅሳቸው አልቻልኩም። ሞተሩን በቀስታ አስነሣሁና በሁለተኛ ማርሽ፣ ጉድጓዱን እየሸሸሁ፣ ሰፈሩን መዞር ጀመርኩ። ስንመለስ ሞተሩን ባጠፋው ጸጥታው ይቀሰቅሳቸዋል ብዬ ደግሜ ዞርኩ። ካፊያ ጀመረ። የእኛ መኪና ጣራ ቀጥ ያለ ነው፤ ውሃው በሁለቱም ጎን ይወርዳል። ሦስተኛውን ዙር ስጨርስ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣

«ደረስን?» አሉ።

«ገና ነን፣ እማማ።»

«ጥሩ ነው» አሉ፤ ማንሻውን ትንሽ ሳብ አድርገው። «አትቸኩል።»